ግራውንዱ ለማን ይደርሳል

መርካቶ ውስጥ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ወይ ገዢ ነው፣ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ መንግሥት ነው። እኔ ከሦስቱም አልነበርኩም። የፕሮጀክት ማኔጅመንት አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህን ግን ለሸማ ተራ ነጋዴ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ለእነሱ ፕሮጀክት ማለት ደብተር የያዙ ሰዎች መጥተው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ የሚያደርጉበት ነገር ነው። ኤክሱ ከተደረገ በኋላ የሚመጣውን ማንም ያውቀዋል። ስለዚህ «የምታስተምሪው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ስመልስላቸው ፈገግ ይሉና ወደ እናቴ ይዞራሉ። እናቴም ምንም ሳትል ነጠላዋን ታጥፋለች።

እናቴ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ትሸጥ ነበር። ሱቋ የቆርቆሮ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ እኔን ከፊደል እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተማረችኝ ያቺው ሱቅ ናት። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ማኔጅመንት አጠናሁና እዚያው አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። ኋላ አገሩ ሁሉ ፕሮጀክት ሲሆን፣ መንገዱም፣ ኮንዶሚኒየሙም፣ የውሃ ጉድጓዱም ፕሮጀክት ሲባል፣ የማታ የማስተርስ ፕሮግራም ተከፈተና ወደዚያ ተዛወርኩ። ተማሪዎቼ ከመሥሪያ ቤት በቀጥታ የሚመጡ፣ ከረባታቸውን ያላሉ፣ ግማሾቹ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን ስለ ስጋት አስተዳደር ሳስተምር አንዱ እንቅልፍ ወስዶት ከነወንበሩ ወደቀ። ስጋት የምላችሁ እንዲህ ያለውን ነው ብዬ ቀጠልኩ።

ሰዉን ሁሉ ካኮራረፈው ከዚያ ምርጫ በኋላ ግን የክፍሉ አየር ተለወጠ። ኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን አይጽፍም፣ ቀልዴን ግን ይጽፋል። ፕሮጀክት ለምን እንደሚዘገይ ምሳሌ ስፈልግ የአገሬን መንገድ ትቼ የሌላ አገር ድልድይ መጥራት ጀመርኩ። በየስብሰባውና በየሥልጠናው መሃል ላይ ነበር የምቀመጠው፤ ፊት የተቀመጠ አጨብጫቢ፣ ኋላ የተቀመጠ አኩራፊ ይባላል። ባልደረቦቼም እንደዚሁ ስለሚያደርጉ መሃሉ ሁልጊዜ ይጣበባል። እንዲህ ስኖር ሌላውን የምጠረጥረው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው።

በዚያ ሰሞን ለሸማ ተራ ነጋዴዎች «ተደራጅታችሁ ፎቅ ሥሩ፤ አለበለዚያ ቦታው መሥራት ለሚችል ይሰጣል» ተባለ። ነጋዴዎቹ አክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ፤ እናቴም ያላትን አሟጣ ገባች። የቆርቆሮ ሱቆቹ ይፈርሳሉ፣ በቦታቸው ባለ ሦስት ፎቅ የገበያ ማዕከል ይቆማል፣ እያንዳንዱ ባለ አክሲዮን አንድ ሱቅ ያገኛል። የትኛውን ሱቅ? ጭንቁ እሱ ነበር። የእናቴ ደንበኞች ለልጅ ሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለፋሲካ የሚገዙ እናቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለአንድ ነጠላ ብለው ደረጃ አይወጡም። ግራውንድ ከደረሳት እስከ ዕለተ ሞቷ ትሸጣለች። ፎቅ ላይ ከተሰቀለች ሱቁን ለጂንስ ነጋዴ አከራይታ ቤት መዋል ነው። እናቴ ደግሞ ቤት መዋልንና መሞትን ለያይታ አታያቸውም።

ለዶክትሬቴ ርዕስ ስፈልግ እንግዲህ ሩቅ አልሄድኩም። ነጋዴ ተሰባስቦ የሚሠራው ሕንፃ ለምን ይዘገያል፣ የሱቁ ድልድልስ በማን እጅ ነው የሚል ጥያቄ ይዤ አማካሪዬ ዘንድ ቀረብኩ። እሱም ደስ አለው። «ያደግሽበት ሰፈር ነው፤ መረጃ እንደ ልብ ታገኛለሽ» አለኝ። ያልነገርኩት ነገር ቢኖር መረጃውን ለራሴም እንደምፈልገው ነው። ግራውንዱ ለማን እንደታሰበ ማወቅ ነበረብኝ። ተማሪዎቼን እንደማስተምረው አራት ማዕዘን ሠርቼ ሰዎቹን በየኃይላቸው ደለደልኳቸው፤ የኮሚቴው ሊቀመንበር ከላይ፣ መሐንዲሱና ባንኩ ከጎናቸው፣ እናቴና የሙያ ጓደኞቿ ከታች፣ «ይነገራቸው» በሚለው ጥግ።

መጠይቄን ይዤ ሸማ ተራ የገባሁ ዕለት ሻይ ቀረበልኝ። በማግስቱም ሻይ። ጥለት የሚሸጡት ሰውዬ ሻይ አዘዙልኝ፣ ልብስ ሰፊው ሻይ አዘዘልኝ፣ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍሉት ሊቀመንበር ደግሞ ሻይ በሎሚ ከብስኩት ጋር።

«ጋሼ፣ የሱቁ ድልድል እንዴት ነው የሚሆነው?»

«ድልድሉ? እሱማ በደንብ ነው የሚሆነው። ስኳር ጨምሪ እንጂ።»

«ግራውንዱ ለማን ነው የታሰበው?»

«ለባለቤቱ ነዋ! አንቺ ግን አገባሽ ወይስ ትምህርት ትምህርት እንዳልሽ ነው?»

«ግንባታውስ መቼ ይጀመራል?»

«እሱ ሲፈቅድ» ብለው ጣታቸውን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ቀሰሩ። እኔም ያንን ጻፍኩ። ምን ልጻፍ?

መርካቶ ዝም የሚል ሰፈር አይደለም። የሰውን ጉዳይ ከባለጉዳዩ በላይ የሚያወራ ነጋዴ ለእኔ ሲሆን አፉ ይያዛል፣ ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ የሻይ ብርጭቆዬን ያስሞላልኛል። ፊት ቢነሱኝ ባመንኳቸው። ያ ሁሉ ትሕትና ነው ያስፈራኝ። መሐንዲሱ ሲያየኝ ፕላኑን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይከተዋል። ኮሚቴው ስብሰባውን እህል በረንዳ አንድ መጋዘን ውስጥ ማድረግ መጀመሩን ከአንድ ኩሊ ሰምቼ ሳልጠራ ሄድኩ። በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቁ ነበር፤ ጭቅጭቃቸው ውጭ ድረስ ይሰማል። እኔ በሩ ላይ ስደርስ ሁሉም ተነሡና ስብሰባው ወደ ምርቃት ተለወጠ። «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የተማርሽው ትምህርት ለቁም ነገር ያብቃሽ» ብለው መርቀው ሸኙኝ። አሜን ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት የቴሌቪዥንና የሞባይል አስመጪዎች መኪናቸውን አቁመው የሸማ ተራን መስመር እየተዘዋወሩ ሲያዩ ተመለከትኩ። ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬዬ እርግጠኝነት ሆነ። ግራውንዱ ተሽጧል፤ እናቶቹ ፎቅ ላይ ሊወረወሩ ነው፤ ሻዩም ምርቃቱም ይህንን ለመሸፈን ነው። ማታ ማታ የደረስኩበትን ለእናቴ ስነግራት አንገቷን ደፍታ ትሰማኛለች። «ምን ይታወቃል» ትላለች፣ ሌላ ምንም አትልም። እናቴ ስለ አንድ ክር ከሸማኔ ጋር ግማሽ ቀን የምትከራከር ሴት ናት። ዝምታዋ ሊሸተኝ ይገባ ነበር፤ አልሸተተኝም።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሊቀመንበሩ ሱቅ ገባሁ። ገና ከመቀመጤ ሻይ ሊያዙ ሲሉ «ሻይ አልፈልግም» አልኳቸው። ሸማ ተራ ውስጥ ይህ ከስድብ አይተናነስም።

«ጋሼ፣ ግራውንዱን ለአስመጪዎች ሸጣችሁታል። እናቴንና ጓደኞቿን ፎቅ ላይ ልትሰቅሏቸው ነው።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም» አሉኝ። «ሁሉም ሱቅ በዕጣ ነው የሚወጣው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዕጣ ነው የተባለው። ይህንን የማያውቅ ባለ አክሲዮን የለም። አስመጪዎቹ የመጡት ከደረሰው ሰው ለመከራየት ነው።»

«ታዲያ ይህ ምን ምስጢር አለው? ለእኔ ሲሆን ለምን ይደበቃል?»

«እናትሽን ጠይቂያት።»

«እናቴን ምን አገባት?»

«አትንገሯት ያለችን እሷ ናታ!» አሉ፤ ድምፃቸው ጎላ አለ። «‹ልጄ ስትመጣ ሻይ ጋብዟት፣ ወሬ ግን አትስጧት› ብላ ያልለመነችው ሰው የለም። እኛ ምን እናድርግ? የሴቶቹ አክሲዮን በሙሉ በእሷ ቃል ነው የሚሄደው። እሷ ከወጣች ማኅበሩ ይፈርሳል።»

ከዚያ ሱቅ እስከ እናቴ ሱቅ ቅርብ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ፣ ዕቃ የተሸከመ ሰው ገፍቼ፣ በወግ ተሰድቤ ነው የደረስኩት። እናቴ አንዲት ደንበኛ ይዛ ነበር። ቆሜ ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ነጠላውን ወደ ብርሃን ይዛ አየች፣ ዋጋ ቀነሰች፣ ጨመረች፣ ሳትገዛ ሄደች። ከዚያ ገባሁ።

«እማዬ፣ አትንገሯት ብለሻል?»

ሴትዮዋ የተወችውን ነጠላ ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈች። አልካደችም።

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«የማን ወገን እንደሆንሽ ስለማላውቅ።»

መቀመጫዋን ሳብኩና ተቀመጥኩ። እሷ እጇን ከሥራው ሳታነሣ ነገረችኝ።

«ቀበሌው አዳራሽ ተሰብሰቡ የተባልን ጊዜ መድረኩ ላይ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጠሽ አየሁሽ። ፊትሽ የታሸገ ውሃ አስቀምጠውልሻል። ሰውየው ልማት፣ ልማት ሲል ራስሽን ትነቀንቂያለሽ። ከዚያ ተነሥተሽ ስለ ፕሮጀክት ተናገርሽ፤ አጨበጨቡልሽ። ፋሲካ ሲያልፍ መጥተው ከኛ ጀርባ ያለውን መስመር አፈረሱት።»

አስታወስኩት። ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ብሎ የላከኝ ስብሰባ ነበር። ፕሮጀክት ምን እንደሆነ በአጭሩ አስረጂ ተብዬ ሄድኩ፤ ወንበሩን ያሳዩኝ እነሱ ናቸው፤ መስመሩ እንደሚፈርስ የሰማሁት እንደማንም ሰው ከፈረሰ በኋላ ነው። እናቴ አዳራሹ ውስጥ እንደነበረች አላወቅሁም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላ ተቀምጣ ኖሯል። ያን ዕለት ማታ እራት አቅርባልኛለች፤ ቀንሽ እንዴት ዋለ ብላኛለች፤ እኔም ደህና ብያታለሁ።

«ታዲያ የዚያኑ ዕለት ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብትዋሺኝስ?»

ይህንን ያለችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው። ልታስቀይመኝ አልፈለገችም፤ እንዲያው የሆነውን ነው የተናገረችው። ከሁሉም አንጀቴን የቆረጠኝ እሱ ነው። ክፍል ውስጥ ቀልዴን እየመጠንኩ፣ ኋላ ወንበር የተቀመጠውን ልጅ እየጠረጠርኩ ስኖር፣ እናቴ ቤት ደግሞ እኔው ጆሮ ጠቢ ሆኜ እራቴን ስበላ ኖሬያለሁ። ተናደድኩባት። ልጅሽ አይደለሁም ወይ አልኳት። ስለ ስብሰባው ያለውን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳት፤ ማልኩላት። «መሐላማ ሁሉም ይምላል» አለችና ሌላ ነጠላ አነሣች። የዚያን ዕለት ሻይ ያልቀረበልኝ እሷ ሱቅ ብቻ ነው።

ርዕሴን ለወጥኩ። አማካሪዬ ምክንያቱን ቢጠይቀኝ መረጃ ማግኘት አልቻልኩም አልኩት፤ ባደግሽበት ሰፈር ብሎ ሳቀብኝ። ስለ ገጠር የውሃ ጉድጓዶች ጽፌ ዶክተር ተባልኩ። ጉድጓድ ቢያንስ ሰው አይጠረጥርም። ከእናቴ ጋር ግን ያንን ነገር ድጋሚ አላነሣነውም። ለብቻዬ ቤት ተከራይቼ ወጣሁ፤ በዓል ሲሆን እሄዳለሁ፤ እንበላለን፤ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን። ስለ ሥራዬ አትጠይቀኝም። ስለ ሱቁም አልጠይቃትም። ጠልታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እንጣላና እንታረቃለን።

የቆርቆሮ ሱቆቹ ፈረሱ። እናቴ በሸራ ዳስ ውስጥ፣ ክረምት ሲሆን ነጠላዎቹን በላስቲክ እየሸፈነች፣ ዓመታት ሸጠች። ሕንፃው ዘገየ። ሲሚንቶ ጠፋ ተባለ፣ ብረት ተወደደ ተባለ፣ ተቋራጩ ተለወጠ ተባለ። ይህ ሁሉ ለእኔ የተማርኩትና የማስተምረው ነገር ነው፤ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በመጨረሻ ግን ቆመ፤ የዕጣው ቀንም ተቆረጠ።

ዕጣው የወጣው እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ገና ያልተለሰነው ግራውንድ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። እኔ የሄድኩት እናቴን ለመደገፍ ነበር፤ ጉልበቷ እሷንም ማመም ጀምሯል። ባለ አክሲዮኖቹ በብሎኬትና በተከራዩት የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። የሱቆቹ ቁጥር በየወረቀቱ ተጽፎ አንድ ጆንያ ውስጥ ገብቷል። ዕጣውን ማን ያውጣ የሚለው ነገር ከዕጣው የባሰ ጣጣ ሆነ። ቄስ ይምጡ ሲባል ሙስሊሞቹ «ሼኽስ?» አሉ። ሁለቱም ይምጡ ሲባል «ማን ይቀድማል?» ተባለ። ፖሊስ ይጠራ ሲባል ሳቅ ሆነ። ከወረዳው ሰው ይላክልን ሲባል ሳቁ ቆመ።

«ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጃችን አለች» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሷማ የባለ አክሲዮን ልጅ ናት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ደግሞስ የማን እንደሆነች ምን ይታወቃል?» አለ ሌላው።

ሰው ሁሉ በጎሪጥ አየኝ። ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሣ እናቴ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች። በስብሰባ መሃል ቆማ ስትናገር አይቻት አላውቅም።

«ልጄ ታውጣ» አለች። «መጀመሪያ የእኔን ታውጣ፤ ሁሉም ቁጥር ጆንያው ውስጥ እያለ፣ ሁላችሁም እያያችሁ። ከዚያ በኋላ ካመናችኋት ትቀጥል፤ ካላመናችኋት ሌላ ፈልጉ።»

ልታምነኝ ነው ወይስ ልትፈትነኝ? ዓይኗን ፈለግኩት፤ አላየችኝም።

«እጅጌዋን ትሰብስብ» አሉ ጥለት ሻጩ ሰውዬ። እስከ ክርኔ ሰበሰብኩ። «ቀለበቷንም!» አወለቅኩ። ደግሞ አንዱ ተነሥቶ፣ አንዳንዱ ወረቀት በረዶ ውስጥ ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀዝቃዛው በእጅ ስለሚለይ፣ አስቀድሞ ይመርመር አለ። ሰው ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ልክ ነው ተባለ። ሁለት ሽማግሌዎች በየተራ እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከተው ወረቀቶቹን እየዳበሱ ሙቀታቸውን አረጋገጡ። ጆንያው ተናጠ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እጄን ከተትኩ።

ጣቶቼ መምረጥ ፈርተው ቆሙ። ግራውንድ ባወጣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሌባ ይለኛል፤ እናቴ ግን ሱቋን አገኘች ማለት ነው። ፎቅ ባወጣ ለእናቴ እኔ ዘላለም ያችው መድረክ ላይ የተቀመጠችው ሴት ነኝ፤ ከሱቋ ያስነሣኋት እኔው እሆናለሁ። «ኧረ ፍጠኚ!» አለ አንዱ። የመጀመሪያውን የነካሁትን አወጣሁና ሳላየው ለሊቀመንበሩ ሰጠኋቸው። ዘረጉት፤ እናቴን አዩ፤ ከዚያ አነበቡ።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ የጀርባው ጥግ።»

ከሕንፃው ሁሉ የከፋው ሱቅ ነው። ከደረጃው ይርቃል፤ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው። ማንም ደፍሮ እናቴን አላያትም። ያን ጊዜ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ለሙሽራ እንኳ እንደዚያ ስትል ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ከዚያ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» አሉኝ። የሁሉንም አወጣሁ። ጥለት ሻጩ ሰውዬ ግራውንድ በሩ አጠገብ ደረሳቸውና ግንባሬን ሳሙኝ። ቀለበቴን ማን ይዞልኝ እንደነበር እንኳ ረስቼ በኋላ አመጡልኝ።

እናቴን ደግፌ እስከ አብነት በእግር ወጣንና ታክሲ ያዝን። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሸቀጡንና ሰዉን ታያለች። እልልታው ለሰው ፊት ነበር፣ ቂሙ አሁን ይመጣል ብዬ ጠረጠርኩ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ለሱቁ አዝናለሁ። እጄ ነው።»

ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣ «ከእነሱ ብትሆኚ ኖሮ ግራውንድ ታወጪልኝ ነበር» አለች።

አለቀስኩ። ወያላው «ሒሳብ» ሲል ቦርሳዬን ልከፍት ሞከርኩ፤ እጄን ይዛ አስቆመችኝና የሁለታችንንም ከፈለች።